ዓለም በገበጣ ጉድጓድ፦ ስለ ዓለም ባህሎች ትምህርት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ርዕሳነ መምህራን፣ ለወረዳና ለክፍለ ከተማ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች፣ ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቶች

ጉዳዩ፦ የ"ዓለም ባህል ቀን" አከባበርን በሳምንታዊ የጨዋታ ክፍለ ጊዜ ስለመተካት

የተከበራችሁ ባልደረቦቻችንና ወላጆች፣

በብዙ ትምህርት ቤቶች የዓለም ባህሎች ትምህርት ማለት በዓመት አንድ ቀን ነው። ለ4ኛ ሀ ጃፓን ይደርሰዋል፣ ለ4ኛ ለ ህንድ፣ ለ4ኛ ሐ ደግሞ "አፍሪካ"፤ አፍሪካ አንድ አገር የሆነች ይመስል። ወላጅ ልብስ ይከራያል ወይም ያሰፋል። ባንዲራ በማርከር ይሳላል፤ ሰልፍ ይደረጋል፣ ይጨፈራል፣ ፎቶ ይነሳል፤ ከዚያ ወደ ቤት። በማግሥቱ "ጃፓን የነበረውን" ልጅ ስለ ጃፓን ብትጠይቁት መቀነቱ ጠብቆበት እንደነበረ ይነግራችኋል። ከዚያ ሌላ የሚነግራችሁ ነገር አልተሰጠውም።

ቀኑን ለማዘጋጀት መምህራን የሚደክሙትን ድካም እናውቃለን፤ ይህ ደብዳቤ እነሱን ለመውቀስ አልተጻፈም። ችግሩ ያለው ከአሠራሩ ነው። ልጅ የሌላን ሕዝብ ባህል በዓይኑ ብቻ ካየው "ያምራል" ወይም "ያስቃል" ከማለት አያልፍም። የዚያ ሕዝብ ሰዎች እንደ እርሱ የሚያስቡ፣ የሚያሰሉና የሚከራከሩ መሆናቸው የሚገባው እነሱ ባወጡት ሕግ ተጫውቶ፣ በዚያው ሕግ ተሸንፎ "እንደገና እንጫወት" ሲል ነው። ለዚህ የሚሆን መግቢያ ደግሞ በየግቢያችን አለ፤ ገበጣ።

ገበጣ በዓለም ላይ ሰፊ ዘመድ አለው። ጋናውያን ኦዋሬ ይሉታል፤ በናይጄሪያ ዮሩባዎች አዮ፤ በታንዛኒያና በኬንያ ጠረፍ ባኦ፤ በዑጋንዳ ኦምዌሶ፤ በደቡብ ህንድ ታሚሎች ፓላንጉሊ፤ በኢንዶኔዥያ ቾንክላክ፤ በፊሊፒንስ ሱንግካ፤ በካዛክስታን ቶጉዝ ኩማላክ። የካዛክስታኑን፣ የኪርጊዝስታኑንና የቱርኩን ዘመዳሞች ዩኔስኮ በ2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2020) በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቧቸዋል። ሁሉም አንድ አጥንት አላቸው፤ ጉድጓድ፣ ጠጠር፣ አንዱን ጉድጓድ ጠርጎ አንድ አንድ እያደሉ መሄድ። የአበላሉ ሕግ፣ የጉድጓዱ ቁጥርና የነገሮቹ ስም ግን በየአገሩ ይለያያል። ለማስተማር ከዚህ የተመቸ አናውቅም። ልጁ ግማሹን ስለሚያውቀው አይፈራም፤ ግማሹን ስለማያውቀው ይጠይቃል።

ከዕቃው እንጀምር፤ ብዙ ጥሩ ሐሳብ ክፍል ውስጥ የሚከሽፈው በዕቃ ነውና።

30 እንቁላል የሚይዘው የወረቀት ትሪ 5 ረድፍ በ6 ነው። 2 ረድፎችን አንድ ላይ ስትቆርጡ ባለ 12 ጉድጓድ ገበጣ ይወጣል፤ ሌሎቹ 2 ረድፎች ሁለተኛውን ይሰጣሉ። ከቀረው አንድ ረድፍ 4 ጉድጓድ ቁረጡና ለእያንዳንዱ ገበጣ ጫፍ ላይ ሁለት ሁለት ለጥፉ። አሁን ከአንድ ትሪ ሁለት ባለ 14 ጉድጓድ መጫወቻ አገኛችሁ፤ ለሱንግካ ሙሉው ያገለግላል፣ ለኦዋሬ የተለጠፉትን ሁለቱን በወረቀት ትሸፍናላችሁ። ባለ ሦስት ረድፉን የአገራችንን ገበጣ የሚፈልግ 3 ረድፍ አንድ ላይ ይቁረጥ፤ 18 ጉድጓድ ነው፣ ቀሪው 2 ረድፍ ደግሞ ራሱን የቻለ ባለ 12 ይሆናል። ማጣበቂያው ሳይደርቅ አትጠቀሙበት፤ ማታ ለጥፎ ጠዋት ማምጣት ነው። ዝናብ የነካው ትሪ ወዲያው ስለሚፈርስ በክረምት መግቢያና መውጫ ከፍ ካለ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ።

60 ተማሪ ላለበት ክፍል 15 መጫወቻ ይበቃል፤ ይህም 8 ትሪ ነው። በአንድ መጫወቻ አራት ልጆች፣ ሁለት ለሁለት ይቀመጣሉ። አንዱ ያድላል፣ ጓደኛው ድምፁን ከፍ አድርጎ ይቆጥራል፤ በየተራው ይቀያየራሉ። የሚቆጥረው ልጅ ከሌለ ጠብ አይቀርም። "ሸወደኝ" የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ሽወዳ ሳይሆን አንድ ጉድጓድ መዝለል ወይም ሁለት ጠጠር አንድ ላይ መጣል ነው።

ጠጠር። እያንዳንዱ ልጅ 20 ጠጠር ቢያመጣ 1,200 ይሆናል። ለኦዋሬ 15 ጊዜ 48፣ ማለትም 720 ያስፈልጋል፤ በየጉድጓዱ በ5 ጠጠር ለሚጀመረው አጭር ሱንግካ 15 ጊዜ 70፣ ማለትም 1,050። ስለዚህ ይተርፋል። መጠኑ ባቄላ የሚያክል ይሁን፤ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይድረቅ። በባዶ ሃይላንድ ውስጥ ሰባ ሰባ እየቆጠራችሁ አስቀምጡና በእያንዳንዱ ላይ ቁጥር ጻፉ፤ በክፍለ ጊዜው መጨረሻ ቡድኑ በአሥር በአሥር ደርድሮ ቆጥሮ ይመልስ። ይህ ካልተደረገ በሦስተኛው ሳምንት ግማሹ ጠጠር ግቢ ውስጥ ነው።

ሽምብራ ቀላል ይመስላል፤ አንመክረውም። ነቀዝ ይገባበታል፣ እህል መጫወቻ መሆኑን የማይወዱ ቤተሰቦች አሉ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ትንንሾቹ አፍንጫና ጆሮ ውስጥ ይከቱታል፤ ሽምብራ እርጥበት ስቦ ስለሚያብጥ ለማውጣት ያስቸግራል። የጉሎ ፍሬ ግን ጨርሶ ወደ ክፍል አይግባ። ዝንጉርጉርና ለስላሳ ስለሆነ ልጆች ለቅመው የሚያመጡት እርሱን ነው፤ መርዛማ ነው፣ ቢታኘክ ልጅ ይገድላል። ጠጠር የምትረከቡበት ቀን አንድ በአንድ ተመልከቱ። ከ1ኛና ከ2ኛ ክፍል ጋር ከሆነ ጠጠሩ ተለቅ ይበል፤ ለዚያም ትሪውን ትታችሁ መሬት ላይ በጠመኔ ክብ መሣል ወይም አፈር ላይ ስፋቱ አንድ መዳፍ የሚሆን ጉድጓድ መቆፈር ይሻላል።

አሁን ወደ ትምህርቱ። ሐሳባችን በሳምንት አንድ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ፣ ለ8 ሳምንት ነው። ከክወናና ዕይታ ጥበባት ወይም ከአካባቢ ሳይንስ ሊወሰድ ይችላል፤ ለ3ኛና ለ4ኛ ክፍል ከሒሳብም ቢሆን አይጎዳም፣ ማካፈልና ማባዛት በእጃቸው ነውና።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የቤታችን ናቸው። ቅዳሜና እሑድ ልጆቹ አያታቸውን፣ አባታቸውን፣ ጎረቤታቸውን አምስት ነገር ይጠይቁ፦ ስንት ረድፍ ነው? በአንድ ጉድጓድ ስንት ጠጠር ይጀመራል? ወዴት ይዞራል? መቼ ይበላል? ጉድጓዱና ጠጠሩ ምን ይባላሉ? ሰኞ መልሶቹ ሰሌዳ ላይ ሲጻፉ አይገጥሙም። አንዱ ሁለት ረድፍ፣ ሌላው ሦስት ይላል፤ አንዱ በአራት ይጀምራል፣ ሌላው በሦስት። ትክክለኛው ሥራ እዚህ ላይ ነው፣ አብዛኛው መምህር የሚሳሳተውም እዚሁ። "ትክክለኛው ገበጣ ይሄ ነው" ያለ ቀን ትምህርቱ አለቀ። ልዩነቱ ሰሌዳው ላይ ይቆይ፤ እያንዳንዱ መልስ አጠገብ የመጣበት አካባቢ ይጻፍ። ልጁ ስለ ፊሊፒንስ ከመስማቱ በፊት አጠገቡ የተቀመጠው ልጅ አያት በሌላ ሕግ እንደሚጫወቱ ማወቅ አለበት። በጎረቤቱ ሕግ የሚስቅ ልጅ በሩቁ አገር ሕግ መሳቁ አይቀርም። ባለ ሦስት ረድፍ ገበጣ በዋናነት የአፍሪካ ቀንድ መሆኑንም እዚህ ላይ ንገሯቸው፤ ሌላው ዓለም ባለ ሁለትና ባለ አራት ረድፍ ነው።

ሦስተኛና አራተኛ ሳምንት ኦዋሬ። 12 ጉድጓድ፣ በእያንዳንዱ 4 ጠጠር፣ በድምሩ 48። ለእያንዳንዱ ወገን በፊቱ ያሉት 6 ጉድጓዶች ናቸው። ከራሱ አንዱን ጠርጎ በራሱ ረድፍ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ዞሮ በተጋጣሚው ረድፍ አንድ አንድ ያድላል። የመጨረሻዋ ጠጠር የወደቀችበት የተጋጣሚ ጉድጓድ በእርሷ 2 ወይም 3 ከሞላ ይበላል፤ ከእርሱ ወደ ኋላ ተከታትለው ያሉት የተጋጣሚ ጉድጓዶችም 2 ወይም 3 ከሆኑ አብረው ይበላሉ። 12 እና ከዚያ በላይ ጠጠር የያዘ ጉድጓድ ሲታደል የተነሳበት ጉድጓድ ይዘለላል። 25 የሰበሰበ አሸነፈ። ልጆች ቶሎ የሚደርሱበት ነገር 1 ወይም 2 ጠጠር የያዘ ጉድጓድ ለአደጋ የተጋለጠ፣ 3 የያዘው ግን ለጊዜው የተጠበቀ መሆኑን ነው፤ ይህን እናንተ አትንገሯቸው፣ ራሳቸው ያግኙት።

ሕጉን ሁሉ በአንድ ጊዜ አትዘርግፉት። ጥቁር ሰሌዳ ላይ 12 ክብ ሥላችሁ በየውስጡ 4 ጻፉ፣ አንዱን አጥፉ፣ ቀጣዮቹን አራት 5 አድርጉ፤ ይኼው ነው። ከዚያ 5 ደቂቃ ያለ መብላት ማደል ብቻ ይጫወቱ። አቅጣጫው እጃቸው ውስጥ ሲገባ የአበላሉን ሕግ ጨምሩ። የ40 ደቂቃው አከፋፈል እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦ 5 ለዕቃ ማደል፣ 7 ለማሳየት፣ 20 ለጨዋታ፣ 5 ለወሬ፣ 3 ለመሰብሰብ። ከሰዓት አንጻር የሚሰዋው ሁልጊዜ "ወሬው" ነው፤ እርሱ ከተሰዋ የቀረው የዕረፍት ሰዓት ጨዋታ ብቻ ነው።

በወሬው ላይ ከኦዋሬ ሁለት ነገር አንሱ። አንደኛው ይህ ሕግ ነው፦ የተጋጣሚህ ረድፍ ባዶ ከሆነ፣ ወደ እርሱ የሚደርስ ጠጠር መጫወት ከቻልክ ግዴታህ ነው። ተጋጣሚህን አስርበህ ዝም ማለት አይፈቀድም። "ለምን ይመስላችኋል?" በሉና ተዉአቸው። ሁለተኛው ለ5ኛና ለ6ኛ ክፍል ነው። በባርነት ተግዘው አትላንቲክን የተሻገሩ ምዕራብ አፍሪካውያን ጨዋታውን ይዘውት ሄዱ፤ ዛሬም በካሪቢያን ደሴቶች፣ በአንቲጓና በባርቤዶስ፣ ዋሪ ተብሎ ይጫወቱታል። ካርታ ላይ ጋናንና አንቲጓን አሳይታችሁ መሐል ያለውን ውኃ በክር ለኩ። መጫወቻው በየትኛውም መሬት ላይ ይቆፈራል፤ መሻገር የነበረበት ሕጉ ነው፣ እርሱም በሰው ጭንቅላት ተሻገረ። ይህን ያህል ለልጅ ይበቃል፤ የመርከቡን ሥቃይ በዝርዝር መተረክ የዚህ ዕድሜ ትምህርት አይደለም።

አምስተኛና ስድስተኛ ሳምንት ሱንግካ። መጫወቻው ጀልባ ይመስላል፤ በየጎኑ 7 ጉድጓድ፣ በሁለቱ ጫፍ ደግሞ አንድ አንድ ትልቅ ጉድጓድ አለው። ትንንሾቹ "ባሃይ" ይባላሉ፣ ቤት ማለት ነው፤ ትልልቆቹ "ኡሎ"፣ ራስ። የሚጫወቱት በዛጎል ነው፣ 7 በየቤቱ፣ 98 በድምሩ። የደሴቶች አገር ልጅ ዛጎል፣ የእኛ ልጅ ጠጠር የሚያነሳበትን ምክንያት ካርታውን አይተው ይናገሩ። 98 ለአንድ ክፍለ ጊዜ ስለሚረዝም በ5 ጀምሩ፣ 70 ይሆናል፤ ዋናው ቁጥር ግን 98 መሆኑን ንገሯቸው። ለ"ራስ" የቲማቲም ድልህ ጣሳ ይሆናል፣ ጠርዙ ስለት ከሌለው።

ተጫዋቹ ሲያድል በራሱ "ራስ" አንድ ይጥላል፣ የተጋጣሚውን ግን ይዘላል። የመጨረሻዋ የራሱ "ራስ" ውስጥ ከወደቀች ይደግማል። ጠጠር ያለበት ቤት ውስጥ ከወደቀች ያንን ጠርጎ ይቀጥላል። ባዶ በሆነ የራሱ ቤት ከወደቀች ትይዩ ያለውን የተጋጣሚ ቤት ይበላል፤ ባዶ በሆነ የተጋጣሚ ቤት ከወደቀች ተራው አበቃ። በፊሊፒንስ የመጀመሪያውን ዙር ሁለቱም እኩል ይጀምራሉ። በ60 ልጅ ክፍል ይህን አትሞክሩት፤ በተራ ጀምሩ፣ እኩሉን አጀማመር ግን ፊት ለፊት በሁለት ልጆች አሳዩ። ዙሩ ሲያልቅ እያንዳንዱ ባገኘው ጠጠር ቤቶቹን ይሞላል፤ የተሸነፈው መሙላት ያልቻለው ቤት "ሱኖግ" ይሆናል፣ የተቃጠለ። በቀጣዩ ዙር በተቃጠለው ቤት አይጫወትም።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፣ ጎበዝ መምህርም ይወድቅበታል። ኦዋሬ የተራበን አብላ ይላል፣ ሱንግካ የተሸናፊን ቤት ያቃጥላል። ልጆች ወዲያው "ጋናውያን ደግ፣ ፊሊፒኖች ጨካኝ" ይላሉ። አስቁሟቸው። "በእኛ ገበጣ የተሸነፈ ምን ይሆናል? እኛስ ጨካኝ ነን?" ብላችሁ መልሱላቸው። የአንድ ጨዋታ ሕግ የሕዝብ ጠባይ ማስረጃ አይደለም። የአልባሳቱ ቀን ያላስተማረው፣ ይህ ትምህርት ግን ሊያስተምረው የሚችለው ዋና ነገር ይህ ነው፤ በ20 ሰከንድ ይመጣል፣ በ20 ሰከንድ ያመልጣል።

ቤይሩት ወይም ዱባይ ሠርተው የተመለሱ እናቶችና አክስቶች ከፊሊፒናውያን ጋር የኖሩ ብዙ ናቸው። ሱንግካን የሚያውቁ ካሉ፣ ባያውቁትም ሰላምታውንና የምግቡን ስም የሚያውቁ ካሉ፣ የወላጅ ኅብረቱ ይጠይቃቸውና ከፈቀዱ ለ10 ደቂቃ ይጋበዙ። እነዚህን ሴቶች ዓለምን የሚያውቅ ሰው አድርጎ የጋበዛቸው ትምህርት ቤት ብዙ የለም። ስለ ሥራቸው ወይም ስለ ደረሰባቸው ግን ልጆች አይጠይቋቸው፤ ይህ አስቀድሞ ለክፍሉ ይነገር።

ሰባተኛና ስምንተኛ ሳምንት ለ3ኛና ለ4ኛ ክፍል ድግግሞሽ ነው። ለ5ኛና ለ6ኛ ቶጉዝ ኩማላክ ይሁን፣ እርሱም በክበብ ብቻ፤ 18 ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ 9፣ በድምሩ 162 ጠጠር ስለሚፈልግ ለሙሉ ክፍል አይመችም። 3 ረድፍ ትሪ ወስዳችሁ ሦስተኛውን ረድፍ ለሁለት ከፍላችሁ በቀሩት ሁለት ረድፎች ጫፍ በአንድ ወገን ብትለጥፉ 2 በ9 ይወጣል። "ቶጉዝ" ዘጠኝ ነው፤ "ኩማላክ" የበግ በጠጥ። ልጆቹ ይስቁ፣ ከዚያ ግን የበግ አርቢ ሕዝብ መቁጠሪያው ምን ሊሆን እንደሚችል ይጠየቁ። የሚበላው የሚሰበሰብበት ትልቁ ጉድጓድ "ካዛን" ይባላል፣ እኛ ጎላ የምንለው። ሲታደል የመጀመሪያዋ ጠጠር በተነሳችበት ጉድጓድ ውስጥ ትመለሳለች፤ የመጨረሻዋ የተጋጣሚን ጉድጓድ ተጋማሽ ቁጥር (2፣ 4፣ 6...) ካደረገችው ያ ጉድጓድ ይበላል። 82 የደረሰ ያሸንፋል። ባኦን ለዚህ ዕድሜ አንመክርም፤ 32 ጉድጓድና 64 ፍሬ አለው፣ ሕጉ አዋቂንም ያደክማል።

ፈተና ሲመጣ "የፊሊፒንስ ገበጣ ______ ይባላል" የሚል ጥያቄ እንዳታወጡ እንለምናለን። ያንን ለመመለስ መጫወት አያስፈልግም። ይልቅ የ5ኛ ክፍል ልጆች የ3ኛ ክፍል ልጆችን ኦዋሬ ያስተምሩ፤ መምህሩ ጀርባቸው ቆሞ ሕጉን ሳያዛንፉ፣ በትንሹ ልጅ ሳይስቁ ማስረዳታቸውን ይመዝግብ።

ለወላጆች። ገበጣ ቁማር ነው ብለው የሚሰጉ አሉ። ሕጋችን ቀላል ይሁን፤ ምንም ነገር አይያዝም፣ ከረሜላም፣ እርሳስም። ያስያዘ ልጅ የዚያን ቀን ቆጣሪ ብቻ ይሆናል። "ልጄን ጠጠር ልታጫውቱት ነው ወይ የላክሁት?" ለሚሉ ደግሞ በሁለተኛው ሳምንት ክፍሉን ከፍቶ ማሳየት ከደብዳቤ ይሻላል፤ አያቶች ቢመጡ ደግሞ ተነስተው አይሄዱም።

በክፍላችሁ ከኤርትራ፣ ከሶማሊያ፣ ከደቡብ ሱዳን፣ ከየመን ወይም ከሶርያ የመጡ ልጆች ካሉ፣ "አገርህን ንገረን" ብላችሁ አታስነሷቸው። አንዳንዱ አገሩን አያስታውሰውም፤ አንዳንዱ የሚያስታውሰውን መናገር አይፈልግም። የቤት ጥያቄው ለሁሉም እኩል ተሰጥቷል፤ መናገር ከፈለጉ በዚያ በኩል ይመጣሉ።

የባህል ቀኑን ማስቀረት የማይችል ትምህርት ቤት ቢያንስ ሦስት ነገር ያስተካክል። አገር ሲመደብ አኅጉር አይመደብ። ልብስ መከራየት ግዴታ አይሁን። የምግብ ጠረጴዛ ካለ ለውዝ፣ የፆምና የፍስክ፣ የሥጋው ዓይነት ተጽፎ ይለጠፍ፤ ልጅ አይቶ እንዲመርጥ።

ከጽሕፈት ቤቶች የምንጠይቀው ገንዘብ አይደለም። በዓመታዊ ሪፖርቱ ላይ "የባህል ቀን ተከብሯል፣ ፎቶ ተያይዟል" በሚለው ምትክ "8 ክፍለ ጊዜ ተሰጥቷል፣ የ5ኛ ክፍል ለ3ኛ ክፍል አስተምሯል" ተብሎ ቢሞላ ተቀበሉት። ፎቶ እስከተፈለገ ድረስ መምህሩ ፎቶ የሚወጣለትን ነው የሚሠራው። ርዕሳነ መምህራንን ደግሞ የምንጠይቀው 8 ባዶ የእንቁላል ትሪ፣ አንድ ማጣበቂያ፣ አንድ የዓለም ካርታና 15 ባዶ ሃይላንድ ነው። ትሪውን በግቢው በር ያለው ሱቅ ይጥለዋል፤ ከዛሬ ጀምሮ እንዲያስቀምጥላችሁ ንገሩት።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንደኛ ደረጃ መምህራን